ይላላል ወይስ ይጠብቃል

መጽሐፉ ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት በዚያ ሰፈር ሰላም የነበረው ያላነበበው ሰው ብቻ ነው። ያነበበው ሁሉ ራሱን ፈልጎ አግኝቷል፤ ራሱን ያጣ ጎረቤቱን አግኝቷል፤ ሁለቱንም ያጣ ደግሞ ተቀይሟል።

ነገሩ ወዲህ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ክኒን ስታድል የኖረችው ፋርማሲስት፣ አንዱ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ፋታ፣ ባገለገለ የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ስትጭር ኖራ ኖራ «ከደጅ እስከ ደጅ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመች። ሰባት የፍቅር ታሪክ ነው። አንዱ በሚያልቅበት ደጅ ላይ ሌላው ይጀምራል፤ ዳቦ ጋጋሪው ነርሷን ይወዳል፣ ነርሷ ረጅሙን ትወዳለች፣ ረጅሙ ልቡ ሌላ ዘንድ ነው፤ እንዲህ እየተያያዘ ሄዶ ሰባተኛው ታሪክ ዞሮ የመጀመሪያውን በር ያንኳኳል። በመጽሐፉ ውስጥ ስም ያለው ሰው የለም። አንዱ በሥራው ይጠራል፣ ሌላው በመልኩ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው፤ ስም ያልተጻፈበትን ዕቃ ሁሉም የእኔ ነው ይላል።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁለተኛው ታሪክ ውስጥ ያለው «ወሬኛው» እሱ እንዳልሆነ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያስረዳ ነበር፤ ማስረዳቱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የፎቶ አንሺው ሚስት ደግሞ አምስተኛው ላይ ዣንጥላውን ሌላ ሴት ቤት ረስቶ የሚወጣ ባል ስላጋጠማት፣ የባሏን ዣንጥላ ደብቃ ምን እንደሚል ሁለት ቀን ጠበቀች። ሰውዬው ዣንጥላው መጥፋቱን እንኳ አላወቀም፤ ይህም ጥፋቱን አባሰበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ልብስ ሰፊው ስለ ራሱ የሚወራውን የሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሱቁ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ናት። የስፌት መኪናው፣ የካውያው ጠረጴዛና የታላቅ እህቱ ወንበር ከገቡባት በኋላ ደንበኛ የሚቆመው በአንድ እግሩ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። እህቱ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ትዘመዝማለች፣ በቀረው ሰዓት ትመክራለች። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አላገባም፤ ቅጥነቱ ለጉድ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ከሁለቱ ሰፋ የሚለው ሜትሩ ነው እያሉ ይቀልዱበታል።

ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጣቱን በመርፌ አይወጋም። እሱ ደግሞ ጎበዝ ነው። ሆኖም በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ መንገዱን ተሻግሮ ፕላስተር ይገዛል። «አይዞዎት» ትለዋለች ፋርማሲስቷ። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት ይኸው ነው። እህቱ መሳቢያው ውስጥ የተቆለለውን ፕላስተር ባየች ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ትልና ትተወዋለች።

በዚያ ሳምንት ታዲያ ሱቋ በሴቶች ተጨናነቀች። አንዷ ያልተበጠሰ ቁልፍ ይዛ መጥታ «አጥብቅልኝ» አለችው። ሌላዋ ምንም ሳትይዝ መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችውና ራሷን እየነቀነቀች ወጣች።

«ሰዉን ሁሉ ምን ነካው?» አለ ልብስ ሰፊው መኪናውን ሳያቆም።

«አንተን ነዋ የነካህ» አለች እህቱ። ከጨርቁ ክምር ሥር መጽሐፉን መዥርጣ አወጣች። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው። ዝም ብለህ ስማ።»

ሦስተኛውን ታሪክ አነበበችለት። የአውቶቡስ ትኬት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቷ ጀርባ ናት። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየመጣ ትኬት ይገዛል፤ አውቶቡሱ ላይ ግን አይሳፈርም። መንገደኞቹ ሲሄዱ እሱ ትኬቱን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰውዬው በመጽሐፉ ውስጥ «ሰፊው» ነው የሚባለው። እህትየው እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች፦ «ሰፊው ሲገባ ክፍሉ ይጠብባል፤ ሲወጣ ግን የባሰውን ይጠብባል።» ገጹንም ገልብጣ ቀጠለች፦ «ሰፊውን እወደዋለሁ፤ እሱ ግን አያውቅም።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜም አስነበባት። ትኬቱ ፕላስተሩ መሆኑን ሕፃን ልጅም አይስተውም። ክፍሉ ይጠብባል የሚለውም እውነት ነው፤ የእሱ ሱቅ መች ሰፍታ ታውቃለች? ልብስ ሰፊው እጁን ጨርቁ ላይ እንዳሳረፈ ደነዘዘ። ደስ አለው፤ ከደስታውም ብዛት ፈራ። አሥራ አንድ ዓመት ለብቻው ተሸክሞት የኖረውን ነገር ለካ ከማዶ ያለ ሰው ሌላኛውን ጫፍ ይዞለት ኖሯል።

«ይኸው» አለች እህቱ፣ «ላሟ ከሰማይ ወረደችልህ። እንግዲህ ሂድና ንገራት።»

«እንዴት አድርጌ? በፕላስተር አፌ?»

«መጀመሪያ ሰው ምሰል፤ ከዚያ ሂድና ጠይቃት።»

በዚያው ሳምንት ሰው ሊመስል ተነሣ። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲሰፋ ለራሱ ኮት ሰፍቶ አያውቅም ነበር። ራሱን መለካት ለካ አይቻልም፤ ጀርባውን የለካችለት እህቱ ናት። ግራጫ ሱፍ ቆረጠ፣ ገበሩን ሰማያዊ አደረገ። ቀጠሮውንም ለራሱ ወሰነ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎች ልታነብ ነው፤ ሲያልቅ ጠብቆ ይነግራታል።

ኮቱ እጅጌ ሳይገባለት መምህሩ መጡ። ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ አርባ ዓመት አስተምረዋል፤ የሰፈሩ ግማሽ በእሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ያደገ ነው። ሱሪ ይዘዋል።

«ወገቡን አስፋልኝ» አሉ። ግራጫውን ኮት አዩ፣ እህትየው ጉልበት ላይ ያለውን መጽሐፍ አዩ፣ ወሬውንም ሰምተው ኖሯል፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። ቃሉ እኮ ይጠብቃል።»

«የቱ ቃል?»

«‹ሰፊው› የሚለው። ላልቶ ሲነበብ እንዳንተ ያለ ባለ መርፌ ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን ግዙፍ፣ ደረተ ሰፊ፣ በር የሚሞላ ሰው ማለት ነው። ሲገባ ክፍሉ ይጠብባል የተባለውም ለዚህ ነው። ሰፊና ጠባብ፣ ገባህ? የመጽሐፉ ምርጥ ዐረፍተ ነገር እሱ ነው፤ እናንተ አላልታችሁ ገደላችሁት።»

እህትየው መርፌዋን ቀጥ አድርጋ ያዘች። «ፊደሉ ላይ ይጥበቅ ይላላ ተብሎ ተጽፏል እንዴ?»

«አልተጻፈም። አንባቢ ነው የሚያውቀው።»

«እንግዲያው እኔም አንባቢ ነኝ።»

«ልብስ ሰፊ ከሆነ መቀሱ የታለ?» አሉ መምህሩ። «በሰባቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ቁልፍ የተከለ ሰው የለም።»

«ፍቅር ይዞት ሥራ ፈትቶ ነዋ። ደግሞ ይጠብቃል ካሉስ፣ ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ ከዚህ በላይ ማን ይጠብቅ?»

መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቀም። ሱሪውን ተቀብሎ ወገቡን መተርተር ጀመረ፤ ያልተነገረውንም አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሮ ተረተረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ የሚያላላና የሚያጠብቅ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት የሚያጠብቁ ሰዎች ከአንዲት ከምታላላ ሴት ጋር ተኳርፈው ጀርባቸውን ተሰጣጡ። ፀጉር አስተካካዩ ከሚያላሉት ጋር ወገነ፤ ምክንያቱም ሲጠብቅ ቃል ብቻ ነው፣ ሲላላ ግን ሰው አለበት። ደራሲዋን እንጠይቃት ያለ አንድም አልተገኘም። መልስ ከሰጠችማ ክርክሩ አለቀ። እሷም ሰው ሁሉ ለሳል ሽሮፕ በመጣ ቁጥር ለምን ፈገግ እንደሚልባት ሳይገባት ሰነበተች።

ቅዳሜ ኮቱ አለቀ። ልብስ ሰፊው መስታወቱ ፊት ለብሶት ቆመ። እህቱ ዞራ ዞራ አየችው፤ አገጯን ይዛም አሰበች።

«ለማንኛውም» አለች፣ «ትከሻው ላይ ትንሽ ስፖንጅ ብንጨምርበትስ?»

«ለምን?»

«ምናልባት ቢጠብቅ።»

ሊቆጣት ፈለገና አልሆነለትም። ሁለት ስፖንጅ ቆርጦ በየትከሻው አስገባ። ከዚያ ሁለት ደግሞ ጨመረ።

እሑድ ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሎ ሞላ። እህትየው «ልቤ አይችልም» ብላ ሱቅ ቀረች። ልብስ ሰፊው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው አንድ ወንበር ተኩል ሊይዝ ምንም አልቀረው። ፋርማሲስቷ ያለ ነጭ ጋውኗ ስትታይ ሌላ ሰው መሰለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጽሑፍ ለማንበብ ሳይሆን ፈተና ለመፈተን የመጣች ይመስል ገጾቹን ደጋግማ ታገላብጣለች።

«የመጀመሪያውን ታሪክ ላንብብላችሁ» አለች።

«ሦስተኛውን» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

«‹ሰፊው› ላይ ሲደርሱ ረጋ ይበሉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ። «ይላላል ወይስ ይጠብቃል፣ ሰፈሩ ሊጣላ ነው።»

ፋርማሲስቷ ግራ ተጋብታ ቀና አለች። ሰው ሁሉ እሷን ትቶ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ነው የሚያየው። እሷም ወደዚያው አየች። ግራጫውን ኮት አየች፤ ትከሻውን አየች፤ ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ብቅ ያለውን ቀጭን አንገት አየች። ፊቷ ፍም ሆነ። አንገቷን ደፍታ ማንበብ ጀመረች። ቃሉ ላይ ስትደርስ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

አላላችው።

ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። የሚያላሉት ተቃቀፉ። ልብስ ሰፊው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ይመታዋል፤ ስፖንጁም ምቱን ይውጣል። መምህሩ ከፊት ረድፍ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እንግዲህ ደራሲዋ ካለች አለች» አሉ። «አርባ ዓመት አስተምሬ አንዲት ቃል ማንበብ ተሳነኝ ማለት ነው። ይቅርታ።»

«መምህርም ላሉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ አልሳቁም። መነጽራቸውን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ሊከቱ ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው።

እሷ ማንበቧን ቀጠለች። «ሰፊው ሲገባ» ስትል አሁን ጠበቀባት። አምልጧት ነው። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሰረቅ አድርጋ አየችና ቶሎ ብላ መልሳ አላላችው። ሌላ ማንም ልብ አላለም። ልብስ ሰፊው ግን ሰማ። ደንበኛ ያልወደደውን ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም፣ ሰፊውን ላለማስቀየም «በጣም ጥሩ ነው» የሚልበት ድምፅ አለ። ያን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሰምቶታል። አሁን ከእሷ አፍ የወጣው እሱ ነው።

አፈረ። ከማፈሩም በላይ አዘነ፤ እንዲህ ያዘነበትን ቀን አያስታውስም። አዝናለት ነው ማለት ነው። ዝም ቢል ግን ማንም አያውቅበትም። ሰፈሩ ከእሱ ጋር ነው፤ ነገ መንገዱን አቋርጦ እንደ ባለ ድል ቢገባ ማን ይከለክለዋል? እሷ ራሷ በሰው ፊት ያላላችውን መልሳ ማጥበቅ አትችልም። ይህን ሁሉ አሰበው። መምህሩን ደግሞ አያቸው፤ አሁንም ከማኅደሩ ጋር እየታገሉ ነው።

ተነሣ።

«መምህር ልክ ናቸው» አለ። «ይጠብቃል።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ደራሲዋ ለእኔ ብለው ነው ያላሉት። ኮቴን አይተው ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ልኩ ያልሆነውን ሲለብስ አውቃለሁ። ይሄ በእኔ ልክ አልተሰፋም።» ሌላም የሚናገረው ነበረው፤ ጠፋው። «ይቅርታ፣ አስጨነቅናችሁ» አለና ጉልበት እየረገጠ፣ በትከሻው ሰው እየገፋ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። መጽሐፉን እንደ ያዘች ነው፤ ሮጣ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ይቁሙ እንጂ» አለችው።

ቆመ፤ ወደ እሷ ግን አልዞረም።

«ለምን ተናገሩ? ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እርስዎ ያውቃሉ» አላት።

አዳራሹ ውስጥ የሚያጠብቁት ማጨብጨብ ጀምረዋል።

«ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ሰውየው ማነው?»

«ማንም አይደለም። ትኬቱ የእርስዎ ነው፤ በዚህ አላስተባብልም። የፕላስተርዎ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሲገርመኝ ኖሯል። ሰውየውን ግን ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«ትከሻው ነው ሰፊ?»

«ትከሻ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «መምህርም ቢሆኑ ግማሹን ነው ያገኙት። ሆደ ሰፊ ለማለት ነበር። የሚወደውን ነገር፣ እጁ ገብቶለት እንኳ፣ ሌላ ሰው የሚጎዳበት ከሆነ የሚተው ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ባጣው ጊዜ ጻፍኩት።»

አሁን ዞረ። አንደኛው ስፖንጅ በግፊያው ተንሸራትቶ ደረቱ ላይ ወርዶ ነበር። እሷ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁን ግን አልቻለችውም፤ እሱም ወደ ታች አይቶ ሳቀ። አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። እጇን ዘርግታ እብጠቱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሄን አውጣው» አለችው። «ነገ ደግሞ ና። ፕላስተር ሳትፈልግ ና።»

ብላም ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ ገና የምትመልሰው ጥያቄ ነበረባት። እሱ ደረጃውን ወረደ፣ መንገዱን አጋመሰ፤ መሐል አስፋልት ላይ ሲደርስ የሰማው ነገር ድንገት ገባውና ቀጥ ብሎ ቆመ። የመኪና ጥሩምባ ነው ያባረረው።

እህትየው የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ እየጠበቀች ነበር። የወረደውን ስፖንጅ አይታ ነገሩ የተበላሸ መሰላት።

«ጠበቀ አይደል?» አለች።

«ጠበቀ።»

«ወንድሜን። በል ና ግባ፤ ተቀመጥ። እሷስ ምን አለችህ?»

«‹ነገ ና› አለችኝ።»

«‹ይምጡ› ነው ያለችህ፤ ለመድኃኒት ቤት ደንበኛ ሁሉ ነው እንደሱ የሚባለው። አትሞኝ።»

«‹ይምጡ› አላለችም። ‹ና› ነው ያለችኝ።»

እህትየው የያዘችውን ልብስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሯን ሳታይ ኋላዋን ዳብሳ ተቀመጠች።

«‹ና›?»

«‹ና›።»

ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንድ ፊደል ናት» አለች። «በሷስ መምህርም አይከራከሩም።»